ሰው ሥራው ላይ፦ የፎቶ ፕሮጀክት የሥራ ማስታወሻ

ከጉዞ በፊት

ፕሮጀክቱ በተለያየ አገር ሰዎችን ሥራቸው ላይ እንዳሉ ማንሳት ነው። ፊት ላይ ያተኮረ ፖርትሬት አይደለም፣ ሥራው ራሱ ከነእጁ ከነመሣሪያው እንዲታይ ነው የምፈልገው። ዝርዝር ሳወጣ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ፎቶ ሁሉ ሳይ አንድ ነገር ቶሎ ገባኝ፣ የሞሮኮዋ ፌዝ ከተማ ቆዳ ማልፊያ ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚነሳው፣ የሙምባይ ዶቢ ጋት ልብስ አጣቢዎችም ከድልድዩ ላይ ነው የሚነሱት፣ ምክንያቱም ጎብኚ የሚቆመው እዛ ነው። ቀለሙ ያምራል፣ ሠራተኛው ግን ፊቱም እጁም አይለይም። ስለዚህ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ካሜራው ከሠራተኛው ዓይን ከፍታ በላይ አይወጣም። ይሄ ሕግ ፌዝ ላይ ትንሽ ተሻሽሏል።

ዕቃ፦ ሁለት ቦዲ (ሌንስ የሚታሰርበት ካሜራው ራሱ)፣ 35 ሚሊሜትር (ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ) እና 85 ሚሊሜትር (የሚያቀርብ) ሌንስ፣ አንድ ትንሽ ትሪፖድ፣ ፎቶ ወዲያው የሚያትም የኪስ ኢንስታንት ፕሪንተር። ሁለት ቦዲ የያዝኩት አቧራና እንፋሎት ባለበት ቦታ ሌንስ መቀየር ስለማልፈልግ ነው፣ 35ቱ አንዱ ላይ 85ቱ ሌላው ላይ እንደታሰረ ይውላል። መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪ ወደ ካርጎ በሚገባ ሻንጣ አይፈቀድም፣ በእጅ መያዝ አለበት፣ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ችግር የለውም፣ የካሜራ ባትሪ ደሞ ከዛ በጣም ያነሰ ነው። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኛቸዋለሁ። ድሮን ትቼዋለሁ፣ ሞሮኮ ያለ ፈቃድ ይዘህ ብትገባ ጉምሩክ ይይዝብሃል፣ ለዚህ ሥራም አያስፈልግም።

ፌዝ፣ ሹዋራ

የድሮው የፌዝ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ያለ ነው፣ ሹዋራ የቆዳ ማልፊያው ደሞ መሀሉ ላይ ነው። በድንጋይ የተሠሩ ጉድጓዶች፣ ነጮቹና ባለ ቀለሞቹ ለየብቻ። ነጮቹ ውስጥ ኖራ፣ ውሃ፣ የላም ሽንትና የእርግብ ኩስ አለ። ኖራው ፀጉሩን ያላቅቃል፣ ኩሱ ቆዳውን ያለሰልሳል፣ ከዛ በኋላ ነው ወደ ቀለም የሚሄደው። ሽታውን ሁሉም ሰው ይጽፋል፣ እኔ አልጨምርበትም፣ እውነት ነው ግን።

መጀመሪያ እንደ ሁሉም ሰው ከቆዳ ሱቆቹ ሰገነት ላይ ሆኜ አየሁ፣ የናና ቅጠል ይሰጡሃል አፍንጫህ ላይ እንድትይዘው። ከዛ ወደ ታች ለመውረድ ጊዜ ፈጀ። አስተርጓሚዬ ዘመዱ እዛ ስለሚሠራ በሱ በኩል ኃላፊዎቹን አናገርን፣ ስምምነቱም ካሜራ ሳልይዝ መጀመሪያ መጥቼ እንድቀመጥ ነበር። ይሄ እነሱ ያመጡት ሐሳብ ነው፣ የኔ አይደለም፣ እና ለቀጣዩ ሥራ ሁሉ መሠረት የሆነው እሱ ነው።

ያለ ካሜራ ስትቀመጥ ሌላ ነገር ታያለህ። ከሰገነቱ ላይ ስታይ ሰውዬው ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ቆዳ ሲረግጥ ነው የሚታይህ፣ ታች ሆነህ ግን ቆም እያለ የቆዳውን ጠርዝ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል አድርጎ ሲያሸው ታያለህ። በየተወሰነ ጊዜ ያደርገዋል፣ ምንም አይናገርም፣ ያሸዋል፣ ይመልሰዋል። በዕድሜ የገፉትን አንዱን ጠየኳቸው፣ ጥያቄዬም ይሄ ነበር፦ ሥራው የቱ ጋ ነው የሚበላሸው? እሳቸውም ሳያስቡ መለሱ፣ የእርግብ ኩሱ ውስጥ ነው፣ ካነሰ ቆዳው ደረቅ ሆኖ ይቀራል፣ ከበዛ ደሞ ይደክምና በኋላ ይቀደዳል፣ ሰዓት አይነግርህም ጣት ነው የሚነግርህ አሉኝ። ሙቀቱ፣ የቆዳው ውፍረት፣ ፍየል ይሁን በግ ይሁን፣ ሁሉም ይቀያይረዋል።

ፎቶው እሱ ነው ማለት ነው። ሁለት ጣት። ይሄን ከሰገነት ላይ በየትኛውም ሌንስ አታገኘውም።

ቴክኒኩ፦ ነጩ ጉድጓድ ፀሐይ ሲመታው ካሜራው በብርሃኑ ይታለልና ሰውዬውን ያጠቁራል። ካሜራውን ማንዋል አድርጌ ብርሃኑን ፊቱ ላይ ለክቼ እዛው ቆለፍኩት፣ ነጩ ትንሽ ቢቃጠል ግድ የለኝም። መሬቱ ያንሸራትታል፣ የጎማ ቦት ግድ ነው። ሌንሱ ላይ ተራ ፊልተር (መከላከያ መስታወት) አድርጌ ነበር፣ የኖራ ውሃ ተረጭቶበት ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ሆነ፣ ጠርጌው አልለቀቀም፣ ፊልተሩን ጣልኩት ሌንሱ ግን ደህና ነው። እዚህ ዓይነት ቦታ ርካሽ ፊልተር ብዙ መያዝ ነው የሚሻለው።

የከፍታው ሕግ የተሻሻለው እዚህ ነው። ማምሻውን የታተሙትን ትንንሽ ፎቶዎች ይዤ ስመለስ ሰዎቹ ተሰብስበው አዩና አንደኛው ወጣት "ይሄ የት እንደሆነ አይታወቅም እኮ" አለ። ልክ ነው፣ እጅና ቆዳ ብቻ ነው፣ ነጩ ጉድጓድ ከባለ ቀለሙ በየት በኩል እንደሆነ፣ ቆዳው ከየት ወዴት እንደሚሄድ አይታይም። ለዛ ከላይ የተነሳ አንድ ፎቶ ያስፈልጋል፣ አንድ ብቻ፣ እንደ ካርታ። ከዛ ወዲህ በየቦታው አንድ የካርታ ፎቶ አነሳለሁ ሌላው ሁሉ በእነሱ ከፍታ ነው።

ኪዮቶ፣ የመብራቱ ጣጣ

ጃፓን፣ ኒሺጂን የሚባለው የኪዮቶ የሽመና ሰፈር። እዚህ ሁለት ነገር ነው የያዘኝ፣ መብራትና ጥፍር።

መብራቱን ልጨርስ። ወርክሾፑ ውስጥ ያለው የጣራ መብራት በዓይን ቋሚ ይመስላል ግን በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ይበራል ይደበዝዛል፣ በአገሩ የኤሌክትሪክ ፍሪኩዌንሲ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት፣ መለኪያው ኸርዝ) እጥፍ ማለት ነው። 50 ኸርዝ ባለበት 100 ጊዜ፣ 60 ኸርዝ ባለበት 120 ጊዜ። ሸተርህ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ 1/100 ማለት የሰከንድ አንድ መቶኛ) ከዚህ ጋ ካልገጠመ ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመር ይወጣል ወይ አንዱ ፎቶ ቢጫ ሌላው አረንጓዴ ይሆናል፣ በድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ ሸተር ደሞ ይብሳል። ጃፓን ጉዱ ያለው አንድ አገር ውስጥ ሁለቱም መኖሩ ነው፣ ምሥራቁ ቶኪዮ በኩል 50፣ ምዕራቡ ኦሳካና ኪዮቶ በኩል 60። ምክንያቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቶኪዮ ጄኔሬተር ከጀርመን ሲገዛ ኦሳካ ከአሜሪካ ስለገዛ ነው፣ እንደዛው ቀረ። ቶኪዮ ላይ በ1/100 ንጹሕ የነበረው ሴቲንግ ኪዮቶ ስገባ መስመር አወጣ። 1/60 ወይም 1/125 ሳደርገው ጠፋ። ከዛ በኋላ አዲስ አገር ስገባ መጀመሪያ የማጣራው ፍሪኩዌንሲውን ነው፣ ሜካኒካል ሸተር፣ አንቲ ፍሊከር (የመብራቱን መዋዠቅ የሚያስተካክል የካሜራ ምርጫ) ካለ እሱንም ማብራት።

1/60 ደሞ ያልጠበቅኩትን ነገር ሰጠኝ። መወርወሪያው (ማጉን የሚያመላልሰው) ይደበዝዛል፣ ክሩን የያዘው እጅ ግን ቆም ስለሚል ጥርት ብሎ ይወጣል። የትኛው እጅ እንደሚሮጥ የትኛው እንደሚይዝ ፎቶው ራሱ ይናገራል። በ1/500 ሁሉም የቆመ ይመስላል፣ ሥራ አይመስልም።

የጥፍሩ ነገር። እዚህ ጹዙሬ የሚባል የሽመና ዓይነት አለ፣ ሸማኔዎቹ የጣታቸውን ጥፍር በሞረድ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጡታል። በዛ ነው ባለ ቀለሙን ማግ ወደ ታች እያበጠሩ የሚያጠብቁት። ሴትየዋ ጋ ያለ ካሜራ ተቀምጬ ያንኑ ጥያቄ ጠየኩ፣ የቱ ጋ ነው የሚበላሸው፣ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጥርሱ ከደነዘዘ ክሩን ይጎትታል፣ በጣም ከሾለ ሐሩን ይቆርጠዋል፣ ስለዚህ በሥራው መሀል ቆም እያሉ ሞረድ ያደርጉታል። ሰው ገላው ላይ መሣሪያ አብቅሎ ይኖራል። ይሄን ሳይ የተሰማኝን አሁንም በደንብ መጻፍ አልችልም፣ ለረጅም ሰዓት ዝም ብዬ እጃቸውን ነው ያየሁት።

85ቱ ሌንስ ለዚህ አይቀርብም፣ ፎከስ የሚያደርግበት ዝቅተኛው ርቀት ይከለክልሃል። ማክሮ ሌንስ (ትንሽ ነገር በቅርብ የሚያነሳ) ተከራየሁ። በኤፍ 2.8 (የሌንሱ ቀዳዳ ሰፊ ሲሆን) አንድ ጥርስ ብቻ ነው ፎከስ የሚገባው፣ ቀዳዳውን አጥብቤ ኤፍ 8 ሳደርገው ብርሃኑ አነሰ፣ አይኤስኦውን (የካሜራውን የብርሃን ስሜት) ወደ 3200 አወጣሁ፣ ግሬኑን (የፎቶውን መሻከር) ተቀበልኩት። ፍላሽ አላበራሁም፣ ሐሩ ያንጸባርቃል፣ ሸማኔዋም ቀለም የሚለዩት በመስኮቱ ብርሃን ስለሆነ ዓይናቸውን መረበሽ አልፈለኩም።

ሁለት ወንዝ፣ አንድ ወፍ

ኮርሞራንት የሚባል ጠልቆ ዓሣ የሚይዝ ጥቁር ወፍ አለ፣ ቻይናም ጃፓንም በሱ ያጠምዳሉ። ቻይና ሊ ወንዝ ላይ፣ ያንግሹዎ አካባቢ፣ አሁን አብዛኛው ለካሜራ ነው። ሽማግሌው በቀርከሃ ታንኳ ላይ ፋኖስ ይዘው ይቆማሉ፣ ወፎቹ ጫፉ ላይ፣ ከኋላ ተራራው፣ ፎቶግራፈር ዳር ላይ ተሰልፎ። ከፎቶው የሚገኘው ገቢ ነው ኑሯቸው።

ላንሳው አላንሳው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ሞዴልነቱም እኮ ሥራ ነው፣ ንጋት ላይ ብርድ ውስጥ ቆሞ ክንድ ከፍ ማድረግ። ውሸት የሚሆነው ዓሣ እያጠመዱ ነው ብሎ መጻፍ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ሸሽቼ በ35ቱ እሳቸውንም የተሰለፉትን ትሪፖዶችም አንድ ፍሬም ውስጥ አስገባሁ። አስፈቅጄ፣ እንደሌላው ከፍዬ።

ጃፓን ናጋራ ወንዝ ላይ፣ ጊፉ ከተማ፣ ሥራው በየዓመቱ ከግንቦት 11 እስከ ጥቅምት 15 (በፈረንጆቹ) በሌሊት ይካሄዳል፣ አጥማጆቹ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማዕረግ አላቸው። እዚህም ጎብኚ በጀልባ ሆኖ ያያል፣ ግን ወፉ በእውነት ያጠምዳል። አንገቱ ላይ ያለው ማሰሪያ ትንሹን ዓሣ ያሳልፋል ትልቁን ያስቀራል። የጀልባው አፍንጫ ላይ በብረት ቅርጫት ውስጥ የጥድ እንጨት ይነዳል፣ ብርሃኑ እሱ ብቻ ነው። ሁሉም ሰው እሳቱን ያነሳል። ሥራው ያለው ግን ግራ እጅ ላይ ነው፣ የብዙ ወፍ ገመድ በአንድ እጅ ይዞ ወፎቹ ሲሻገሩ ገመዱ እንዳይቋጠር እየፈታ ይሄዳል፣ ሳያይ። አይኤስኦ 12800፣ ኤፍ 1.8፣ 1/125፣ አውቶ ፎከሱ እሳቱን እየመረጠ አስቸገረኝ፣ ወደ አንድ ነጥብ ቀይሬ እጁ ላይ ጣልኩት። አብዛኛው ፎቶ አልሆነም፣ ጀልባውም ይሄዳል ውሃውም ይሄዳል፣ የወጡት ጥቂቶቹ ግን የምፈልጋቸው ናቸው።

ሙራኖ፣ አጭር

የቬኒስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1291 እሳት ፈርቶ የመስታወት ምድጃዎቹን ወደ ሙራኖ ደሴት እንዲሄዱ አደረገ፣ እስከ ዛሬ እዛው ናቸው። እዚህ ያገኘሁት መልስ፦ የሚበላሸው ከመንፊያው ቱቦ ወደ ሌላው ዘንግ ሲዛወር ነው። ዕቃው ታቹ ዘንጉ ላይ ይለጠፋል፣ አፉ ላይ ከቱቦው ይላቀቃል፣ በዛች ቅጽበት ሁለት ሰው ካልተናበበ ወለል ላይ ነው። ስለዚህ ፎቶው የሁለት ሰው ዓይን ነው፣ መስታወቱ አይደለም፣ ሁለቱም አንድ ነጥብ ነው የሚያዩት።

የጋለውን መስታወት አውቶ ዋይት ባላንስ (ካሜራው ቀለሙን በራሱ የሚያስተካክልበት) ነጭ ሊያደርገው ይሞክራል፣ 5500 ኬልቪን ላይ ቆልፈው። ተራውን ሂስቶግራም (የብርሃኑን ሥርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) አትመን፣ የቀዩን ቻናል ለብቻ እይ፣ ሌላው ሳይሞላ እሱ ነው የሚቃጠለው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ከሚለው ሁለት ስቶፕ (ወደ ሩብ ብርሃን) ዝቅ።

ካዋ ኢጀን

ኢንዶኔዥያ፣ ምሥራቅ ጃቫ፣ እሳተ ገሞራ። ከአፉ የሚወጣውን ጋዝ በቱቦ ይመሩታል፣ ሲቀዘቅዝ ቀይ ፈሳሽ ድኝ (ሰልፈር) ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ሲደርቅ ቢጫ ይሆናል። ሰዎቹ በብረት ሰብረው በቀርከሃ በተያያዙ ሁለት ቅርጫቶች ከ70 እስከ 90 ኪሎ ተሸክመው ከእሳተ ገሞራው አፍ ዳገቱን ወጥተው ከዛ ተራራውን ይወርዳሉ። ጎብኚው በሌሊት የሚወጣው ሰማያዊውን ነበልባል ለማየት ነው።

መንገዱ ጠባብ ነው። ተሸካሚ ሲመጣ ተራራው በኩል ተለጥፈህ ታሳልፋለህ፣ ለፎቶ ብሎ መንገድ ላይ የሚቆም ሰው አየሁ፣ ተሸካሚው ቆሞ ይጠብቀዋል፣ 80 ኪሎ ትከሻው ላይ። ተናድጄ ነው የዋልኩት። ከዛ በኋላ መቆሚያዬን የመረጥኩት እነሱ ራሳቸው ሸክም አውርደው የሚያርፉባቸው ቦታዎች ላይ ነው፣ እዛ ሰላም ትላለህ፣ ታወራለህ፣ ትጠይቃለህ።

ጥያቄው እዚህ ሌላ መልስ ነው ያመጣው። ድኙ አይበላሽም፣ የሚበላሸው ሰውየው ነው። አንደኛው ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ትከሻውን አሳየኝ፣ ቀርከሃው የሚያርፍበት ሥጋ አብጦ ጠንክሮ ጉብ ብሏል፣ ቆዳው እንደ ተረከዝ ሆኗል። አንሳው አለኝ። ፊቴን አታንሳ፣ ይሄን አንሳ። በ85ቱ፣ በጎን ብርሃን፣ ገና ጎህ ሲቀድ። ከሁሉም ፎቶዎቼ ያለ ካፕሽን (ከፎቶው ሥር የሚጻፍ ማብራሪያ) የሚበቃው ይሄ ብቻ ነው።

ለዕቃው፦ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከእርጥበት ጋ አሲድ ይሆናል። ውስጥ ሌንስ አይቀየርም፣ የባትሪና የፍላሽ ብረቶቹን በየማታው በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩ፣ ቦርሳውን ሆቴል ክፍል ውስጥ አላስገባም። የኢንስታንት ፊልሙ ወደ 5 ዲግሪ ሲጠጋ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ስለዚህ ፕሪንተሩን ከጃኬት ሥር ደረቴ ላይ ነው የያዝኩት። ለራሴ ጥሩ የጋዝ ማስክ ነበረኝ፣ ብዙዎቹ እርጥብ ጨርቅ ነው አፋቸው ላይ ያደረጉት፣ ስመለስ ማስኩንና መለዋወጫ ፊልተሮቹን ትቼ ነው የመጣሁት። ቀጣይ ስሄድ ከካሜራ ዕቃ ቀንሼ የማስክ ፊልተር ነው የምሞላው።

ወጪና ፈቃድ

ትልቁ ወጪ ካሜራ አይደለም፣ ያለ ካሜራ የምትቀመጥበት ቀን ነው። አልጋ ትከፍላለህ፣ አስተርጓሚ ትከፍላለህ፣ ፎቶ የለም። እሱን ቀን ስትቆርጥ ግን ያው የሁሉም ሰው ፎቶ ነው ይዘህ የምትመለሰው። አስተርጓሚ ላይ መቆጠብ አያዋጣም፣ ቋንቋ ከሚችል ይልቅ ሥራውን የሚያውቅ ይሻላል፣ ፌዝ ላይ አይቼዋለሁ። ክፍያ ላይ የያዝኩት፦ ለፎቶ ሳይሆን ሥራ ላስቆምኩበት ሰዓት፣ ቀድመን ተነጋግረን።

ፈቃድ በየአገሩ ይለያያል፣ ፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 9 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፣ አውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የዳታ ጥበቃ ሕግ አለው። እኔ የትም ብሆን ያው አንድ ገጽ በአገሩ ቋንቋ፣ ማንበብ ለማይፈልግ ድምፅ ቀድቼ። ፎቶው ለምን እንደሚውል፣ የት እንደሚወጣ፣ ቢፈልጉ እንደሚወርድ።

ኤዲትና ካፕሽን

ከእያንዳንዱ ሥራ ስድስት ፎቶ፦ የካርታው፣ መሣሪያው፣ የሚበላሽበት ቦታ፣ ሰውየው፣ ዕረፍት፣ ያለቀው ዕቃ። ከዛ በላይ ቢያምርም ይወጣል። የፌዝን ተራ እኔ ባሰብኩት መንገድ ደርድሬ ላኩላቸው፣ መልሱ ሁለቱ ተቀያይረዋል የሚል ነበር፣ አስተካከልኩ። አሁን ሁሉንም የፎቶ ስብስብ ከመጨረሴ በፊት እልካለሁ።

ካፕሽን ላይ ብዙ ጊዜ ነው የማጠፋው። ፎቶግራፈሩ ሉዊስ ሃይን እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛን ሲያነሳ የልጁን ዕድሜ፣ ሥራውን፣ ቦታውን ይጽፍ ነበር፣ ቁመታቸውን በኮቱ ቁልፎች ይለካ ነበር። ዛሬ ከ5,000 በላይ ፎቶዎቹ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አሉ፣ አቅም የሰጣቸው ግማሹ ጽሑፉ ነው። እኔም ሥራውን፣ ደረጃውን፣ መሣሪያውን፣ የፈቃዱን ሁኔታ፣ ተከፍሎበት ከሆነ እሱንም፣ ፋይሉ ውስጥ ሜታዳታው ላይ ነው የማስገባው፣ ለብቻ ሰነድ ከሆነ ይጠፋል። ባክአፕ ሦስት ቅጂ፣ አንዱ ሌላ ቤት።

ቀጣይ

ጄጁ ደሴት፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ሄንዮ የሚባሉት ጠላቂ ሴቶች። ያለ ኦክስጅን እስከ 10 ሜትር ይወርዳሉ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ትንፋሽ ይይዛሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ መዝግቧቸዋል፣ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። የከፍታ ሕጉ እዚህ ውሃ ውስጥ ግባ ይላል።

የውሃ መከላከያ ሽፋን በሁለተኛ እጅ ገዛሁ፣ መጀመሪያ ያለ ካሜራ ወረቀት ከትቼበት ገንዳ ውስጥ አሳደርኩት፣ ወረቀቱ ደረቅ ወጣ። ካሜራው ሲገባ ግን ሙቀቱ መስታወቱን ከውስጥ በእንፋሎት ሸፈነው። ሲሊካ ጄል ከትቼ፣ ካሜራውን ደረቅ ክፍል ውስጥ ዘግቼ ድጋሚ ሞከርኩ፣ ቀነሰ ግን አልጠፋም። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ገና አልሞከርኩትም፣ የሚቀጥለው ሙከራ እሱ ነው፣ ከጎኑ የጄጁ ዳያሌክት የሚያውቅ አስተርጓሚ እየፈለኩ ነው።